ለኤልክ አደን ኮሎራዶ ተራራ ልወጣ ነው፤ ለብርዱ ምን ልያዝ?

አዲስ_አዳኝ፣ አውሮራ

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ከሁለት ፈረንጅ የሥራ ባልደረቦቼ ጋር ኖቬምበር ላይ፣ በሦስተኛው የጠመንጃ አደን ወቅት፣ ፍላት ቶፕስ በሚባለው ተራራ ኤልክ (ትልቅ የአጋዘን ዓይነት) ልናድን ነው። ስድስት ቀን፣ አምስት ሌሊት በድንኳን። የአዳኝነት ትምህርቱን ጨርሼ ካርዴን ይዣለሁ፣ ፈቃዱንም ገዝቻለሁ፣ ጠመንጃውንም መተኮሻ ሜዳ እየወሰድኩ ስለማመድበት ከረምኩ። የቀረኝ ልብሱና ዕቃው ነው። ባልደረቦቼን ስጠይቃቸው «ሞቅ አድርገህ ልበስ» ከማለት ሌላ መልስ የላቸውም። ከልጅነታቸው የለመዱት ስለሆነ የሚነገር ነገር መኖሩም አልታያቸው።

እስካሁን ያዘጋጀሁት ይኸው፦ ሁለት ወፍራም ጂንስ፣ ከሥር የሚለበስ የጥጥ ቱታ፣ ሁለት ባለኮፍያ ሹራብ፣ ዴንቨር ውስጥ ለክረምት የምለብሰው ጥቁር ጃኬት፣ ስድስት ጥንድ ነጭ ካልሲ፣ ባለፈው ሳምንት የገዛሁት ቦት ጫማ፣ በጋ ላይ ካምፒንግ የወጣሁበት 40 ፋራናይት የሚል ስሊፒንግ ባግ፣ ትንሽ የጋዝ ምድጃ፣ ስጋውን የምንጎትትበት ባለሁለት ጎማ ጋሪ፣ እና እናቴ የላከችልኝ ጋቢ።

ያደግሁት ሐዋሳ ነው፤ ብርድ ሲባል የማውቀው የአዲስ አበባን ሐምሌ ነበር። በጀቴ ከ500 ዶላር አይበልጥም። ባለቤቴ «ስጋ ካማረህ ሥጋ ቤት አለልህ፣ ምን ተራራ ያስወጣሃል» እያለች ነው። የጎደለውንም የበዛውንም ንገሩኝ።


የመንዙ_መካኒክ

ወንድሜ፣ እንኳን ደስ አለህ። አሁን ከጻፍከው ውስጥ ግማሹን ወደ ቁም ሣጥን መልስ።

እኔ እዚያው ፍላት ቶፕስ በፈረንጅ ከ2014 ጀምሮ እገባለሁ፤ ያመለጠኝ ሁለት ዓመት ብቻ ነው። የመጀመሪያውን ዓመት ልንገርህ፤ ያንተን ዝርዝር ሳነብ የራሴን ያነበብኩ መስሎኛል። ጂንስ፣ ከሥሩ የጥጥ ቱታ፣ ወፍራም የጥጥ ሹራብ፣ ላዩ ላይ በረዶ ስጠርግ የምለብሰው ትልቅ ጃኬት። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ከድንኳን ወጥተን ዳገቱን ተያያዝነው። ጃኬቴን እስከ አገጬ እንደቆለፍኩ አንድ ሰዓት ተኩል ወጣሁ። ላቤ ከጀርባዬ እስከ ቀበቶዬ ይወርዳል፤ እኔ ግን ብርዱን ያሸነፍኩ መስሎኝ በልቤ እፎክራለሁ። ከዚያ ከአንድ የወደቀ ግንድ ጀርባ ተቀምጠን ንጋቱን መጠበቅ። ሃያ ደቂቃ አልፈጀም። ላቡ ቀዘቀዘ፣ ሹራቡ እንደ እርጥብ ጆንያ ጀርባዬ ላይ ተለጠፈ፣ ጥርሴ መንገጫገጭ ሲጀምር ጓደኛዬ «ኧረ ዝም በል፣ ይሰሙሃል» ይለኛል።

ሲነጋ አንድ ቀንዳም ኤልክ ከጥዱ ጥግ ወጥቶ ቆመ። 150 ሜትር ቢሆን ነው፤ ትንፋሹ ሲጨስ ይታየኛል። ጠመንጃዬን ግንዱ ላይ ደገፍኩ። ሴፍቲው፣ ማለት የጠመንጃው መቆለፊያ፣ አውራ ጣቴ ሥር ነው፤ ግፋ ብዬ ጣቴን አዘዝኩት፣ እምቢ አለ። ቆፈን ይዞታል። አየዋለሁ፣ የኔ ጣት ነው፣ ግን የሰው ጣት ሆኖብኛል። በግራ እጄ መዳፍ ልገፋው ስታገል የማንገቻው ብረት ከግንዱ ጋር ቃ! አለ። ኤልኩ አንገቱን አዙሮ አየኝና ሄደ። ቢሮጥ ምንም አልነበረም፤ በእርምጃ ነው የሄደው። እስከ ዛሬ የሚያናድደኝ ያ እርምጃው ነው።

እኔ ደግሞ የመንዝ ልጅ ነኝ፤ ይህን ላለማወቅ ምንም ሰበብ የለኝም። መሐል ሜዳ ውርጭ አዝመራ የሚያቃጥልበት አገር ነው። አያቴ በዝናብ ከብት ሲያግድ በርኖሱን አያወልቅም ነበር፤ የበግ ፀጉር ነው፣ ላዩ ውሃ ያንጠባጥባል፣ ውስጡ ይሞቃል። ሌሊቱንም የሚያድረው በባና ነው። ጋቢውን ግን ደመና ሲያይ አጣጥፎ ቤት ትቶት ይወጣል። ጋቢ የቤተ ክርስቲያንና የእሳት ዳር ልብስ ነው። እኔ ይህን ሁሉ እያየሁ አድጌ፣ ባሕር ተሻግሬ ጥጥ ለብሼ ተራራ ወጣሁ።

ነገሩ ይኸው ነው። ጥጥ ላብና ውሃ ይጠጣና ይይዘዋል፤ ሙቀት የሚያቅፈው አየር የነበረበት ቦታ ሁሉ ውሃ ይሆናል። የበግ ፀጉር ከክብደቱ ሲሶ የሚሆን እርጥበት ውጦም ቆዳህን እንዳረጠበው አይሰማህም፤ እርጥብ ሆኖም ጥቂት ሙቀት ያስቀርልሃል። ስለዚህ ጂንሱን፣ ቱታውን፣ ሹራቡን፣ ነጩን ካልሲ ሁሉ ተወው። የውስጥ ሱሪህ እንኳ ጥጥ አይሁን፤ ይህን ብዙ ሰው ይረሳዋል፣ መጀመሪያ የሚረጥበው ግን እሱ ነው።

በምትኩ ቆዳህን የሚነካው ሜሪኖ (ለስላሳ የበግ ፀጉር) ይሁን፣ ላይና ታች፣ ሁለት ሁለት። የመንዝ በግ ፀጉር ያሳክካል፣ ሜሪኖ አያሳክክም፤ ልዩነቱ የቃጫው መቅጠን ነው። ከላዩ ፍሊስ ወይም የሱፍ ሹራብ። ከዚያ ንፋስ የሚከለክል ጃኬት። ስትቀመጥ ብቻ የምትደርበው ወፍራም ፓፊ (ውስጡ የተሞላ ጃኬት) ቦርሳህ ጫፍ ላይ፣ ሳትፈልግ እጅህ የሚገባበት ቦታ ይቀመጥ። ለላባ ፓፊ ገንዘብህን አታፍስ፤ ላባ ሲረጥብ ይጨማደድና ሙቀቱ ይጠፋል፣ ሰው ሠራሹ ይሻልሃል። የዝናብ ጃኬት ያዝ፣ ግን እየለበስክ አታድን። ስትራመድ እንደ ቺፕስ ከረጢት ይንኮሻኮሻል፤ ኤልክ ደግሞ ጆሮ ነው። ሱፍ ድምፅ የለውም።

500 ዶላሩ ይበቃሃል፣ አትጨነቅ። ከአደን ሱቅ አትጀምር፤ ከሰልባጅ ቤት ጀምር። እኔ የምለብሰው የሱፍ ሱሪ የድሮ ወታደር ሱሪ ነው፤ 20 ዶላር ገዝቼው አሥረኛ ዓመቱን ሊይዝ ነው። የሱፍ ሹራብ አውሮራ ሰልባጅ ቤት ውስጥ በ8 ዶላር ታገኛለህ፤ አንገቱ ላይ ያለውን ጨርቅ አንብብ፣ መቶ በመቶ ሱፍ የሚል ከሆነ ቀለሙ የአያት ቢሆንም ውሰደው። ያጠራቀምከውን ለሦስት ነገር አውጣው፦ ለጫማ፣ ለመኝታ፣ ለሜሪኖው።

ስትራመድ ደግሞ በርዶህ ጀምር። ከድንኳን ስትወጣ «ትንሽ ቀዘቀዘኝ» ካላልክ በዝተህ ለብሰሃል። ዳገት ላይ ጃኬቱ ቦርሳ ውስጥ ነው፣ ኮፍያውም ኪስ ውስጥ። የምትቀመጥበት ቦታ ስትደርስ፣ ላቡ ሳይቀዘቅዝ፣ እስከ ወገብህ ራቁትህን ሁንና ደረቁን ሜሪኖ ልበስ። አንድ ደቂቃ ያንዘረዝርሃል፤ ከዚያ ግን ሁለት ሰዓት ትቀመጣለህ። እኔን የጎዳኝ እነዚያ አንድ ደቂቃዎች ናቸው፤ «ለዚህች ብዬ አልፈታም» ብዬ።

መኝታህ ይብሳል። 40 ፋራናይቱ የበጋ ነው። ኖቬምበር ላይ እዚያ ከፍታ፣ ወደ 2,900 ሜትር ላይ፣ ሌሊቱ 10 ፋራናይት ቢሆን አይገርምህም፤ ከዜሮ በታች 12 ሴልሺየስ ማለት ነው። 0 ፋራናይት የሚል ተከራይ፤ ለአንድ ሳምንት አትግዛ። ላዩ ላይ የተጻፈው ቁጥር ደግሞ ብዙ ጊዜ የማትሞትበት እንጂ የምትተኛበት ቁጥር አይደለም፤ ስለዚህ አሥር ዲግሪ ያህል ለራስህ ተውለት። ከሁሉ በላይ ግን ከሥርህ የሚነጠፈው። ከላይ በምን ብትሸፈን መሬቱ ከሥር ሙቀትህን ይመጥጣል። የሚነፋ ፍራሽ ካለህ ከሥሩ ርካሽዋን የስፖንጅ ምንጣፍ አንጥፍ፤ የሁለቱ አር-ቫልዩ (ብርድ የመከላከል መጠናቸው) ይደመራል፣ 5 እና ከዚያ በላይ ካደረስከው ሌሊቱ ያንተ ነው። ስትተኛ ሞቅ ያለ ውሃ በጠንካራ ጠርሙስ ሞልተህ፣ ክዳኑን አጥብቀህ፣ በካልሲ ጠቅልለህ እግርህ ጋ አስገባው። እናቶቻችን ድንጋይ አሙቀው በጨርቅ እንደሚያስገቡልን ማለት ነው። ጠዋት ደግሞ ያልበረደ የመጠጥ ውሃ ይሆንልሃል።

ስለ ጋሪው አዝናለሁ። ፍላት ቶፕስ ውስጥ ዊልደርነስ ተብሎ በተከለለው ክልል ጎማ ያለው ነገር አይገባም፤ ሞተር ብቻ አይደለም፣ ጋሪም ብስክሌትም ክልክል ነው፣ በፈረንጅ ከ1964ቱ ሕግ የመጣ ነው። ከክልሉ ውጭ ባለው የደን መሬት ይቻላል፤ የምታድኑት የቱ ጋ እንደሆነ ካርታውን አይተህ ወስን። ዊልደርነስ ውስጥ ከሆነ ጀርባህ ነው ጋሪው፣ ወይም ፈረስና በቅሎ መከራየት። አንድ ትልቅ ወንድ ኤልክ ሲጣል 300 ኪሎ ያህል ነው፤ አጥንቱ ወጥቶ ወደ 100 ኪሎ ስጋ ታገኛለህ። አንድ የኋላ ታፋ ከነአጥንቱ 30 ኪሎ ይሆናል። ሦስት ሆናችሁ ቢያንስ ሁለት ሁለት ምልልስ። ስለዚህ ቦርሳህ ብረት ያለው፣ ወገብህ ላይ የሚያርፍ ይሁን፤ የትምህርት ቤት ቦርሳ ከያዝክ ትከሻህ ያለቅሳል። እኔ በመጀመሪያው ስኬታማ ዓመቴ መጨረሻውን ታፋ ይዤ መኪናው ጋ ስደርስ ዘራፍ ማለት አምሮኝ ነበር፤ የወጣልኝ ግን ሳል ነው። መሐል ሜዳ ተወልጄም ዴንቨር 1,600 ሜትር ላይ ስቀመጥ ሳንባዬ ቆላ ወርዷል።

ብርቱካናማው ልብስ ግዴታ ነው፤ ሮዝም ይፈቀዳል። ከወገብ በላይ ቢያንስ 500 ስኩዌር ኢንች፣ ጭንቅላት ላይም ከሁሉም አቅጣጫ የሚታይ። ቅጠል ቅጠል የተሣለበት ብርቱካናማ አይቆጠርም፤ ድፍን መሆን አለበት። ጃኬትህን ስታወልቅ አብሮ እንዳይወልቅ ሰደርያውን ሰፊ ግዛና ከሁሉ በላይ ልበሰው። ቦርሳ ስትሸከም ጀርባህ እንደሚሸፈንም አትርሳ፤ ቦርሳው ላይ ሌላ ጨርቅ እሰርበት፣ በተለይ ስጋ ስትሸከም።

ትንንሾቹን ቶሎ ልበላቸው። ሁለት የራስ ባትሪ፣ ከሊትየም ድንጋይ ጋር፤ ተራው ድንጋይ ብርድ ላይ ይሞታል። የውሃ ጠርሙስህን ዘቅዝቀህ ያዝ፣ በረዶ ከላይ ስለሚጀምር አፉ አይዘጋብህም፤ በቱቦ የሚመጠጠውን ተወው። የውሃ ማጣሪያ ካለህ ሌሊት አብሮህ ይተኛ፤ አንዴ በረዶ ከያዘው ውስጡ ይሰነጠቅና ሳታውቅ ቆሻሻ ትጠጣለህ። የጋዝ ምድጃህ ጣሳ ንጹሕ ቡቴን ከሆነ ዜሮ ዲግሪ አካባቢ ሥራ ያቆማል፤ ፕሮፔን የተቀላቀለበትን የክረምቱን ግዛ፣ ጣሳውንም ከመለኮስህ በፊት ብብትህ ሥር አሙቀው። ድንኳን ዘግተህ ግን ምድጃ አትለኩስ፣ ለአምስት ደቂቃም ቢሆን። ምድጃው በሚያወጣው በማይታይ መርዝ ተኝተው የቀሩ አሉ።

እሳት ማስነሻ፦ ጥጥ በቫዝሊን ለውሰህ በፕላስቲክ ጠቅልል። ጥጥ ተራራ ላይ ጥቅም የሚሰጠው እዚህ ጋ ብቻ ነው።


ነርሷ፣ ሰሜን ሚኒሶታ

የመንዙ ጋሼ በደንብ ጽፈዋል። እኔ ከባለቤቴ ጋር አጋዘን የማድነው ዛፍ ላይ በተሠራ መቀመጫ ስለሆነ ትንሽ ልጨምር፤ እርስዎ የሚራመድ አዳኝ ነዎት፣ እኔ ደግሞ አራት ሰዓት የምቀመጥ። የተቀመጠ ሰው ብርድ ሌላ ነው።

አዲሱ አዳኝ፣ ጫማውን እንዳትሳሳት። ባለፈው ሳምንት የገዛኸውን እስክትሄድ ድረስ ሥራም ገበያም ልበሰው፤ ተራራ ላይ የምትፈትነው ከሆነ ተረከዝህ ይላጣል። ሁለት ወፍራም ካልሲ ደርቤ እሞቃለሁ የሚለው ደግሞ ትልቁ ስህተት ነው። ጫማው ሲጠብ ደሙ እግር ጣትህ አይደርስም፣ ደም ያልደረሰበት እግር በምንም ካልሲ አይሞቅም። ጣቶችህን ውስጡ ማወዛወዝ ካልቻልክ ጫማው ጠቦሃል። አንድ ወፍራም የሱፍ ካልሲ፣ ከዚያ ለመኝታ ብቻ የምትለብሰው ሌላ ደረቅ አንድ ጥንድ፤ ያንን ጥንድ ቀን ላይ ቢለምኑህም አትንካው።

እነዚያ በከረጢት ያሉ የእጅ ማሞቂያዎች የብረት ብናኝ ናቸው፤ አየር ሲነካቸው ነው የሚግሉት። ጠባብ ጫማ ውስጥ ከከተትካቸው አየር ያጡና ይጠፋሉ። ኪስህ ውስጥ፣ ጓንት ውስጥ ያዛቸው። ስትተኛ ቆዳህ ላይ በቀጥታ አታስቀምጣቸው፤ ሳይታወቅህ ያቃጥሉሃል። አንዱ ታካሚዬ እንዲህ ሆኖ መጥቶ ነበር፤ «በበረዶ መሐል ተቃጠልኩ» ሲል እኔም መጀመሪያ አላመንኩትም።

አረቄ ይዛችሁ የምትወጡ ካላችሁ ለመመለሻ ቀን አስቀምጡት። አልኮል የቆዳን የደም ሥር ስለሚከፍት ሙቀቱ ወደ ፊትህ ይወጣል፤ ሞቀኝ ትላለህ፣ የውስጥ አካልህ ግን እየበረደ ነው። ከባልደረቦችህ አንዱ ምላሱ ከተሳሰረ፣ ዕቃ ከእጁ ከወደቀ፣ ዚፕ መዝጋት ካቃተው፣ ጨዋታው ካበቃና ዝም ካለ፣ «ደክሞት ነው» ብለህ አትለፈው። እየተንቀጠቀጠ ሳለ ገና ጥሩ ነው፤ ሳይሞቅ መንቀጥቀጡ ከቆመ ግን ዳነ ብላችሁ አትደሰቱ፣ ያኔ ነው የባሰው። እርጥቡን አውልቃችሁ ደረቅ አልብሱት፣ ስሊፒንግ ባግ ውስጥ አስገቡት፣ በደንብ የሚውጥ ከሆነ ስኳር ያለው ትኩስ ነገር ስጡት፣ ዕርዳታም ጥሩለት። ውርጭ የመታውን ጣት በበረዶ ማሸት የሚባል ነገር አለ፤ አታድርጉት። መልሶ የሚበርድ ከሆነም አታቅልጡት።

ስልክህ አይፎን 14 ወይም ከዚያ በኋላ የመጣ ከሆነ ኔትወርክ ሳይኖር በሳተላይት ዕርዳታ መጥራት ይችላል፤ ሳትሄድ መሞከሪያውን ተለማመደው። ስልኩን ግን ከውስጥ ልብስህ አጠገብ ያዘው፤ ውጭ ኪስ ውስጥ ከሆነ 60 በመቶ ያልከው ባትሪ በድንገት ይጠፋል።

ለሴቶች አንድ ነገር፣ ወንዶቹ አይጽፉትምና፦ ሙሉ ቱታ አትግዙ። ሽንት በመጣ ቁጥር እስከ አንገት መፍታት ነው። ጎንና ጎኑ እስከ ላይ ዚፕ ያለው ባለማንገቻ ሱሪ አለ። ሽንት ላለመሽናት ውሃ አልጠጣም የምትል እህት አውቃለሁ፤ ውሃ ያነሰው ሰው ቶሎ ይበርደዋል።


ወሎዬው

ስለ ስንቅ ማንም አልተናገረም እንዴ? ፈረንጆቹ ውሃ አፍልተው የሚያርሱትን የከረጢት ምግብ በ14 ዶላር ይገዛሉ። አንተ በሶ ያዝ። ገብሱ አስቀድሞ ተቆልቷል፣ ምድጃ አይፈልግም፣ በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጠህ ትጠጣዋለህ፣ በማርና በቅቤ ለውሰህ ጨብጠህ ኪስህ ውስጥ ትከተዋለህ። አያቶቻችን የዘመቱት በዚህ ነው። ጭኮ ከሆነማ ቅቤው ራሱ ነዳጅ ነው፤ ብርድ ላይ እንደ ድንጋይ ስለሚጠነክር ግን በትንንሹ ቆርጠህ ያዝ፣ ጥርስህን እንዳትሰብር። ቆሎ ኪስ ውስጥ፣ ቋንጣ፣ ድርቆሽ። ድርቆሽ ክብደት የለውም፤ ማታ ቋንጣውን አፍልተህ ድርቆሽ ስትጨምርበት ፈረንጆቹ የራሳቸውን ትተው ነው ያንተን የሚበሉት። ከልምዴ ነው የምነግርህ፣ ለሦስት ሰው ያዝ።

ማኘክ ላይ ግን ጥንቃቄ፤ ቆሎ ጸጥ ባለ ጫካ ውስጥ ከጠመንጃ አያንስም።

እኔ ሙስሊም ነኝ፣ ከመተኮሴ በፊት ቢስሚላህ እላለሁ። አብሮኝ የሚያድነው የጎንደር ልጅ ደግሞ በስመ አብ ይላል። አንድ ኤልክ ላይ ሁለታችንም ብለን እናውቃለን፣ ከዚያ ስንካፈል ተከራከርን። አሁን ተራ ገብተናል።


የመንዙ_መካኒክ

የወሎዬው ነገር አሳቀኝ። በስንቁ እስማማለሁ። ሦስተኛው ወቅት ከነቢያት ጾም በፊት ያልቃል፤ ረቡዕና ዓርብ ግን ይኖራሉና ለእነሱ ቅቤ የሌለበት በሶና ዳቦ ቆሎ ለይተህ ጠቅልል። ጨለማ ውስጥ የቱ የጾም እንደሆነ መለየት ስለማይቻል እኔ የጾሙን በቀይ ክር አስረዋለሁ። ስጋው ይበላል ወይ ለሚሉ፣ ኤልክ ያመሰኳል፣ ሰኮናውም ስንጥቅ ነው፤ ዘዳግም 14 ዋላና ሚዳቋን በስም ጠርቷል። ከዚያ ያለውን ከንስሐ አባትህ ጋር ጨርስ።

ነርሷ እህቴ ያለችው የዚፕ ነገር ትልቅ ቁም ነገር ነው። ያን ቀን እኔም የጃኬቴን ዚፕ መክፈት አቅቶኝ ነበር፤ ጓደኛዬ ነው እንደ ሕፃን የፈታልኝ።


አዲስ_አዳኝ፣ አውሮራ

እግዚአብሔር ይስጥልን። ነጩን ካልሲ ልጆቼ ወርሰውታል። የሱፍ ሱሪ በ17 ዶላር አገኘሁ፣ ትንሽ ይሰፋኛል፣ በማንገቻ ያዝኩት። ስሊፒንግ ባጉን ተከራየሁ። ካርታውን አይተን ካምፓችን ከዊልደርነሱ ድንበር ውጭ ሆነ፣ የምናድነው ግን ውስጥ ነው፤ ስለዚህ ጋሪው ቤት ይቀራል።

ሁለት ጥያቄ ቀረኝ። አንደኛ፣ ባልደረቦቼ ጭስ ማውጫ ባለው የእንጨት ምድጃ የሚሞቅ ትልቅ የሸራ ድንኳን ያመጣሉ፤ ጠመንጃዬን ማታ ውስጥ ላሳድር? ሁለተኛ፣ ቢላዋ ስንት?


የመንዙ_መካኒክ

ጠመንጃውን አታስገባ። ከብርድ ወደ ሙቀት ስታስገባው ያልበዋል፤ ብረቱም መነጽሩም ጤዛ ይይዛሉ። ጠዋት መልሰህ ስታወጣው ያ ጤዛ በረዶ ይሆናል፣ ጥይቱን የሚመታው መርፌ እዚያው ተጣብቆ ምላጩን ስትስብ ጭጭ ይልሃል። ጥይቱን አውጥተህ፣ በጨርቅ ከረጢቱ አድርገህ፣ መኪና ውስጥ ቆልፈህ ብርዱ ላይ አሳድረው። መኪና ውስጥ ስታስቀምጠው የጠመንጃው የጥይት ጎሬ ውስጥ ምንም ጥይት እንዳይኖር፤ ሕጉም ነው። ከመሄድህ በፊት ደግሞ የድሮውን ወፍራም ዘይት ጠርገህ አውጣ፣ ብርድ ላይ እንደ ማር ይሆናል። ቀጭን ዘይት በስሱ፣ አበቃ። በረዶ ውስጥ ብትወድቅ እንዳይደፈን አፈሙዙ ላይ የቀለም ቀቢዎችን ፕላስተር ለጥፍበት፤ ከነፕላስተሩ መተኮስ ትችላለህ።

ቢላዋ አንድ ጥሩ፣ ወይም ስለቱ የሚቀየር አንድ ከስድስት ስለት ጋር። እኔ ስለት የሚቀየረውን እወዳለሁ፣ ግን በቆፈን እጅ ስለት መቀየር የሐኪም ሥራ ነው፤ ትንሽ ፒንሳ ያዝ። ከቢላዋው ጋር በአንድ ከረጢት፦ የስጋ ከረጢት አራት ወይም አምስት፣ አየር የሚያስገባ ጨርቅ ይሁን እንጂ ፕላስቲክ አይሁን፤ ስጋው በብርድም ቢሆን ታፍኖ ይበላሻል። ቀጭን ገመድ፣ የሐኪም ጓንት፣ ባዶ የቆሻሻ ላስቲክ እላዩ ላይ የምትንበረከክበት። ቆዳውን ቶሎ ግፈፈው፣ ሙቀቱ ይውጣለት። የወንድነቱን ምልክት ግን ቆርጠህ እንዳትጥል፤ ከአንዱ ታፋ ጋር ተያይዞ እስከ ቤት መድረስ አለበት፣ መንገድ ላይ ተቆጣጣሪ ሲያስቆምህ መጀመሪያ የሚጠይቅህ እሱን ነው።

አንድ የረሳሁት መኪናህን ነው። አይ-70 አውራ ጎዳና ላይ ከሞሪሰን እስከ ዶትሴሮ ባለው መንገድ ከሴፕቴምበር 1 እስከ ሜይ 31 ለበረዶ የሚሆን ጎማ፣ ሰንሰለት ወይም ጎማው ያላለቀ በአራቱም ጎማ የሚነዳ መኪና የግድ ነው። ራይፍል ከተማ ላይ ነዳጅህን ሙላ፤ ስሙ እንኳ ጠመንጃ ነው፣ ገዱ ይቅናህ። ከዚያ ወደ ሚከር ከተማ ስትወጣ ማደያ ይሳሳል።


አዲስ_አዳኝ፣ አውሮራ

ገባኝ። ቦርሳዬን መዘንኩት፣ ያለ ጠመንጃው 19 ኪሎ ሆነ። ብረት ድስቱን አውጥቼ 17 አደረስኩት።

ጋቢውን ግን ባለቤቴ እምቢ አለች። «የእናትህን ጋቢ ትተህ አትሄድም» ብላ ሳላያት ሻንጣው ውስጥ ከታዋለች።


የመንዙ_መካኒክ

እሺ፣ ይሂድ። ግን ከመኪናው እንዳይወርድ። የመጨረሻው ቀን እርጥቡን ሁሉ አውልቀህ ወንበሩ ላይ ስትቀመጥ፣ ማሞቂያው እስኪሠራ አሥር ደቂቃ ይፈጃል። ለዚያች አሥር ደቂቃ ከጋቢ የተሻለ አላውቅም።